ድኖ የት ይግባ?

ወንድሜ ከአረቄና ከጫት ሱስ ታክሞ የወጣው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጥር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። ደሴ መናኸሪያ ልቀበለው ወጥቼ ከሰው መሃል መለየት አቃተኝ። ፊቱ ሞልቷል። ዓይኑ እንደ ልጅነቱ ነጭ ሆኗል። በአንድ እጁ የልብስ ሻንጣ፣ በሌላው መድኃኒቱን የያዘበት ጥቁር ፌስታል። «እትዬ፣ ምነው ዘጋሽኝ?» አለኝ። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ቤት ስንደርስ በግ ታርዷል። ጎረቤት ሞልቷል። እናቴ መሬት ስማ ተነሳች። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ተጠጣ፣ ምርቃቱም ወረደ፤ አንዱ «አሚን» ሲል ሌላው «አሜን» እያለ፣ የወሎ ቤት እንደሚሆነው። በዚህ መሃል አንዲት ጎረቤታችን ጠላ በእንስራ አሸክማ ገባች። ክፋት የላትም። ወንድሜን በጀርባዋ ያዘለች ሴት ናት። ደስታ ያለ ጠላ እንዴት ይሆናል ብላ ነው። እሱ እንስራውን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አየሁት። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን እንደምል አላወቅኩም።

ማታ ክፍሉን ከፈትንለት። ያው አልጋ። ያው ብርድ ልብስ፣ ታጥቦ። ኮቱን የሚሰቅልበት ያው ምስማር። ያው መስኮት። መስኮቱ ሲከፈት ፊት ለፊት ያለው አረቄ ቤት ነው፤ ከሱ አጠገብ ጫት የምትሸጥ ሴትዮ ጃንጥላዋን ዘርግታ ትቀመጣለች። እኛ ክፍሉን ስናጸዳ መስኮቱን ወልውለን መጋረጃውን አጥበን ጨርሰናል፣ መስኮቱ የት እንደሚያይ ግን አንዳችንም አላሰብንም።

19 ቀን ቆየ። በ20ኛው ሌሊት ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጡት።

ብዙ ጊዜ ተቆጣሁት። በልቤም በአፌም። ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ ስለት፣ እናቴ የሸጠችው ወርቅ። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» እያልኩ ለሰው አወራሁ። ዛሬ ያልኩትን ሁሉ ባልተናገርኩት ብዬ እመኛለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ነገሩን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። አንድ ዓመት ለመስከረም 21 እናቴ ግሸን ማርያም ወስዳው ነበር። ያን የአምባሰል ዳገት በእግሩ ወጥቶ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጠብታ አልቀመሰም። ከሷ በፊት ኩታበር አጎታችን ዘንድ ሦስት ወር ከርሟል። አጨደ፣ ወቃ፣ ከብት ውሃ አጠጣ፣ ማታ ማታ እንደ ድንጋይ ተኛ። ሰላም ነበር። ሆስፒታል 45 ቀን ተኛ፤ እዚያም ሰላም ነበር። ወንድሜ ሄዶ ያልዳነበት ቦታ የለም። የሚታመመው ሲመለስ ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ ጥያቄዬ ተለወጠ። እንዴት ይዳን የሚለውን ትቼ፣ ድኖ የት ይግባ የሚለውን መጠየቅ ጀመርኩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፣ ምክንያቱም በዚህ የሰው ሕይወት ያልፋል። ብዙ ዓመት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም አካሉ ሊሸከመው የማይችለው ነገር ይመጣበታል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ዓይነት ሊያንፈራግጠው ይችላል። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። ስለዚህ «ክፍል ውስጥ ዘግታችሁ አስቀምጡት፣ ይወጣለታል» የሚላችሁን ሰው እባካችሁ አትስሙት። እነዚያ ቀናት የሐኪም ናቸው። እኔ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስላለው ነው፣ ሐኪሙ ፈርሞ ከሸኘው በኋላ ስላለው ረጅም ጊዜ።

ጫት ሲቋረጥ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ድካም፣ እንቅልፍ፣ ድብርት፣ ሌሊት ዱካክ። ሰው ስለማይሞትበት ማንም አያዝንለትም። ወንድሜ ግን ከሁለቱ የቱ ከበደህ ብትሉት ጫቱ ይላል፤ ምክንያቱም አረቄውን የሚያመጣው ጫቱ ነው። ቀን ይመረቅናል፣ ማታ ምርቃናው አላስተኛ ሲለው ጨብሲ፣ ምርቃናውን በመጠጥ ሊሰብር፣ ይወጣል፣ ጠዋት ራሱን ማንሳት ሲያቅተው እንደገና ቅጠሉን ይፈልጋል። ስድስት ዓመት እንዲህ ዞረ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከገባ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። በዚያ ሰሞን ያየውን እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

የወሎ ልጅ ነኝና ስለ ጫት ስጽፍ እጠነቀቃለሁ። የአባቴ እናት ሙስሊም ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ ዱዓ ይደረግ ነበር። ጭሱ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጥቂት ቅጠል ከእጅ ወደ እጅ «ጀባ» እየተባለ ይዞራል፣ ሽማግሌዎቹ ለታመመው፣ ለተጓዡ፣ ለዝናቡ፣ ለአገሩ ይለምናሉ። በዚያ ቤት ከቅጠሉ ምርቃቱ ይበልጥ ነበር። እኔ ያደግኩት በዚያ ምርቃት ነውና አንድም ክፉ ቃል አልናገርበትም። ወንድሜ የሚቅመው ግን ሌላ ነው። ምርቃት የለው፣ ሽማግሌ የለው፣ መነሻና ማብቂያ የለው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን እግሩ ብቻውን ይነሳል።

ሐራራ ሰዓት ያውቃል። ይሄን ሳይ ነው የደነገጥኩት። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ከተቆረጠ ሁለት ቀን ገደማ ሲሆነው ኃይሉ ስለሚደክም፣ ጫት ጠውልጎ አይሸጥም። ጠዋት ይቆረጣል፣ በእርጥብ ቅጠል ይጠቀለላል፣ መኪናው ይበርበታል፣ ቀትር ላይ ከተማ ይደርሳል። ሰውየውም ይህን ሰዓት በደሙ ያውቀዋል። ሥራ ላይ ሆኖ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ፣ ታሞ ተኝቶም ቢሆን ስምንት ሰዓት ሲል አፉ ይደርቃል። ታዲያ ይሄን ሰው መኪናው የሚቆምበት ደጃፍ ላይ አምጥተን ካስቀመጥነው በኋላ «ፈቃድህ ደካማ ነው» ብንለው ግፍ ነው።

ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ሰው ከሱስ ሲወጣ የሚገባበት ቤት የሚባል ነገር አለ ለካ። ሆስፒታል አይደለም። ሐኪምም ነርስም የለውም። መጠጥም ሌላ ሱስም ላለመቅመስ የተስማሙ ሰዎች ኪራይ አዋጥተው አብረው የሚኖሩበት ተራ ቤት ነው። ሰፈር ውስጥ፣ እንደ ማንኛውም ቤት።

ከሁሉ የማረከኝ የፖል ሞሎይ ታሪክ ነው። የሕግ ባለሙያ ነበር፣ በአሜሪካ ሴኔት ውስጥ የሠራ። እ.ኤ.አ. በ1975 ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ፣ ከመጠጥ ላገገሙ ሰዎች መንግሥት ባዘጋጀው ቤት ውስጥ ይኖር ነበር። በዚያ ቤት መቆየት የሚቻለው ስድስት ወር ብቻ ነው። ጊዜው ሞልቶ ውጣ የተባለው ሰው ደግሞ አብዛኛው ወደ መጠጡ ሲመለስ እነ ሞሎይ በዓይናቸው አዩ። ከዚያ ይባስ ብሎ በገንዘብ እጥረት ቤቱ ራሱ ሊዘጋ ሆነ። መሄጃ የላቸውም። ተሰበሰቡና ቤቱን ራሳቸው ተከራዩት። ኦክስፎርድ ሃውስ አሉት። ሕጋቸው ሦስት ነው። ቤቱን ነዋሪዎቹ ራሳቸው በድምፅ ያስተዳድሩታል፤ ወጪውን ራሳቸው ይሸፍናሉ፤ የጠጣ ወይም የተጠቀመ ይወጣል። በቃ። ተመልሶ ያልቀመሰና ድርሻውን የከፈለ ሰው ግን እስከፈለገ ይኑር፣ ጊዜህ አለቀ የሚለው የለም። አዲስ ሰው የሚገባው ከነዋሪው 80 በመቶ ሲስማማ ነው። የወንድና የሴት ቤት የተለያየ ነው። ከአንድ ቤት የተነሳው ነገር ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 ቤት በላይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1988 መንግሥታቸው በሕግ ደግፏቸው፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ሆነው ቤት ለሚከፍቱ ሰዎች እስከ 4,000 ዶላር የሚመለስ ብድር እንዲሰጥ ተደረገ፣ ለቅድሚያ ኪራይና ለዕቃ።

ይሠራል ወይ? ዲፖል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሌናርድ ጄሰን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትሟል። ሕክምና የጨረሱ 150 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሹ ወደ እነዚህ ቤቶች ገባ፣ ግማሹ እንደተለመደው ተሸኘ። ሁለት ዓመት ቆይተው ሲያዩ፣ እንደተለመደው ከተሸኙት ውስጥ 65 በመቶ ገደማው ወደ ሱሱ ተመልሷል። ቤት ከገቡት የተመለሱት 31 በመቶ ገደማ ናቸው። እንደተለመደው መሸኘት ማለት እኛ ለወንድሜ ያደረግነው ነው። በግ፣ እልልታ፣ የድሮው አልጋ።

ቁጥሩን ሳነብ ጎህ እየቀደደ ነበር። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቷል። ለብቻዬ ጮክ ብዬ «ይሄማ ቅሬ ነው!» አልኩ።

ወሎ ያላደገ ሰው ላያውቀው ይችላል። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ቅሬው ይቀብራል። ሙስሊሙ ክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ ሙስሊሙን። የማን ወገን ነው፣ ሀብታም ነው ድሃ ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ቅሬተኛ ነው ወይ ነው የሚባለው። ዳኛ ይመርጣል፣ መዋጮ ይሰበስባል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ለቅጣቱ ብሎ ሳይሆን ከሰው ተርታ እንዳይወጣ ብሎ ነው ሰው የሚፈራው። በተደጋጋሚ ደንብ የጣሰ ከቅሬ ሲወጣ አይተን እናውቃለን። ከባድ ነገር ነው፣ ቤቱ ለቅሶ ሲገባ ድንኳን የሚተክልለት የለም ማለት ነው። እና በድምፅ የሚተዳደር፣ በራሱ መዋጮ የቆመ፣ የጣሰውን የሚያስወጣ ማኅበር ሜሪላንድ ድረስ መሄድ አላስፈለገንም። አለን። ለሞተ ሰው የሚሆን አለን። ከሞት አፋፍ ለተመለሰው ሰው ነው የሌለን።

ይህን ለወንድሜ ስነግረው ለሁለተኛ ጊዜ ታክሞ መውጣቱ ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝና «ደሴ አይሆንም» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ደሴ ላይ ፒያሳም ሸዋ በርም ቧንቧ ውሃም እያንዳንዱ ማዕዘን ስሙን ያውቃል። ኮምቦልቻ ቅርብ ናት፣ ሐረጎን ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል፤ አየሯ ሞቃት፣ ሥራም አላት። እሱ ደግሞ በያጅ ነው፣ እጁ እንኳን ደህና ሆኖ ሲንቀጠቀጥም ብረት ይገዛለታል። በሕክምና የተዋወቃቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ ሾፌር። ሌሎች ሁለት በነሱ በኩል መጡ። አምስት ሆኑ።

ቤት መፈለጉ ያደከመኝን ያህል ምንም አላደከመኝም። ለማን ነው ሲሉኝ እውነቱን እናገራለሁ። እንዲህ ነው ብዬ ሳልጨርስ በሩ ይዘጋል። አንዱ «እህቴ፣ ሌባ ሰብስበሽ ልታመጭብን ነው?» አለኝ። ሌላው ቤቱን ካሳየን በኋላ ኪራዩን እጥፍ አደረገው። ስምንተኛው ቤት ላይ ጓሮዋ ውስጥ ሦስት ክፍል ያላት አንዲት እናት አገኘን። ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ስፌቷን ስትሰፋ ነበር፤ ቀና ሳትል «የኔንም ልጅ የበላው ይሄው ነው» አለች። ቆየችና ደግሞ «አብሽሩ፣ ግቡ። ሰክሮ በሬን የሚያንኳኳ ግን እንዳላይ» አለች። እነሱም እኔም እማማ ነው የምንላት።

ኪራዩ 7,500 ብር ነው። ለአምስት 1,500 ይደርሳቸዋል። በዚያ ላይ 300 ለቡና፣ ለመብራትና ለውሃ። ደንቡ በር አጠገብ በምስማር ላይ በሲባጎ በተንጠለጠለ ደብተር ተጽፏል፣ በአስተማሪው እጅ ጽሑፍ። መጠጥ፣ ጫት፣ ሺሻ የለም፤ ይዞ መግባትም የለም። መዋጮ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን። ቅዳሜ ማታ ስብሰባ። ይሄ ሁሉ ከሌላ ቦታ የሚቀዳ ነው። እኔ የምወዳቸው ግን እነሱ ራሳቸው ከሕይወታቸው ያወጧቸውን ነው። ደመወዝ የተቀበለ ሰው በዚያን ቀን ብቻውን አይወጣም። ሠርግና ለቅሶ የሚሄድ አንድ ጓደኛ ይዞ ይሄዳል፣ ጠላው ሲቀርብ «እኔም አልጠጣም» የሚል ሁለተኛ ሰው አጠገቡ እንዲኖር። ይሄኛዋን ሳነብ ያ ቀን ትዝ አለኝ፣ እንስራው ሲገባ ወንድሜ ፊቱን ያዞረባት ግድግዳ።

እሁድ ከባድ ቀን ነው። ሥራ የለም፣ ስምንት ሰዓት ግን ይመጣል። አንድ እሁድ ሄጄ አብሬያቸው ዋልኩ። ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይለወጣል። ሾፌሩ ጫማውን ሁለት ጊዜ ጠረገ። አስተማሪው ስልኩን እያነሳ ይመልሳል። ማንም ምንም አይናገርም። ስምንት ሊሆን ሲል ወንድሜ ተነሳና ምድጃውን አወጣ፤ ከቁርጥራጭ ብረት ራሱ በይዶ የሠራው ነው፣ አራት እግር ያለው። ከሰል አያያዘ። ቡናውን አጥቦ ምጣዱ ላይ ጣለው። ጭሱ ሲነሳ አንድ በአንድ እየመጡ ዙሪያውን ተቀመጡ። አንድ ትልቅ ሳህን ቆሎ መሃል ላይ ሆነ። «አፍ ሥራ ይፈልጋል» አለኝ ወንድሜ፣ ቆሎውን ወደኔ እየገፋ። በዚያ ሰዓት አምስት ወንዶች ያን ቆሎ የበሉበትን አበላል ብታዩ። እንደ ራብ አይደለም። ሥራ ነው። አስር ሰዓት ሲሆን ትከሻቸው ወረደ፣ ሳቅ መጣ፣ አንዱ ኳስ እንይ አለ። ማንም «አለፈልን» አላለም፤ ሁሉም ግን ያውቁታል።

ስለ ቤቱ ደስታውን ብቻ ጽፌ ባቆም ውሸት ይሆናል። ባለፈው ግንቦት አንድ ሐሙስ ማታ፣ ከሁሉ ታናሹ ልጅ፣ የሐይቅ ከተማው፣ አምሽቶ ገባ። ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። በሩን ሲከፍቱለት ሸተታቸው። «ለጉንፋን ብዬ ነው» አለ መጀመሪያ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ አለቀሰ። አምስቱም መሬት ላይ ተቀመጡ። ደብተሩ ወረደ። አስተማሪው ደንቡን አነበበ፣ ድምፁ እየተሰበረ። ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ወንድሜ እጁን አነሳ። ሁሉም አነሱ።

ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። «እትዬ፣ አባረርነው» አለኝ። ሌላ መናገር አልቻለም።

በማግስቱ ወርጄ ተጣላኋቸው። እውነት ነው የምለው፣ ጮህኩባቸው። ወሎ ላይ የመሸበት እንግዳ ደጅ አያድርም፣ እናንተ ወንድማችሁን በሌሊት! ያን ልጅ ሳስብ የሚታየኝ የራሴ ወንድም ነው፣ ያ 20ኛው ሌሊት፣ ሁለት ሰው ደግፎት። ሾፌሩ በቀስታ «እታለም፣ እሱ ቢያድር እኔም ነገ እጠጣ ነበር» አለኝ። ከእልኸኝነት አልነበረም። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። አሸተተው እኮ፣ ያን ሽታ ተኝቶ ሊያድርበት ነው። መልስ አጣሁ።

አሁን ሳስበው ደንቡ ትክክል ነው እላለሁ፤ አንዱን ለማቆየት አራቱን ማጣት አይቻልም። ግን ደንቡ በሩን ሲዘጋ ሰውየውን መንገድ ላይ መጣል የለበትም። በዚያች ሌሊትም አልጣሉትም ለካ። ከሣጥኑ ገንዘብ አውጥተው አልጋ ይዘውለት፣ አስተማሪው አብሮት አድሮ፣ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ወስዶታል። ስጮህባቸው ይህን አንዳቸውም አልነገሩኝም። እኔ ከእማማ ነው የሰማሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፤ የሚወጣ ሰው ብቻውን አይወጣም። ፍራሹም እዚያው ቀርቷል፣ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሮ ጥግ ላይ ቆሟል። 30 ቀን ሳትቀምስ ቆይተህ ና፣ እንደገና ድምፅ እንሰጣለን ብለውታል።

አንዳንድ ሰዎች ይሄን ነገር ሰምተው «ለምን ትልቅ አድርገሽ አትከፍችውም፣ ያዋጣል» ይሉኛል። እፈራለሁ። ምክንያት አለኝ። አሜሪካ ውስጥ ራሱ ይህ ቤት ነጋዴ እጅ ሲገባ ምን እንደሆነ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሪዞና ግዛት ባለሥልጣናት እንዳጋለጡት፣ የማገገሚያ ቤት ነን የሚሉ ሰዎች ናቫሆዎችንና ሌሎች የአገሬውን ነባር ሕዝቦች እያታለሉ እየሰበሰቡ፣ ላልሰጡት ሕክምና ከመንግሥት የጤና መድን ብዙ ገንዘብ ሲሰበስቡ ነበር። ቤቶቹ ሲዘጉ ብዙ ሰው ከነሕመሙ ጎዳና ላይ ቀረ። ኦክስፎርድ ሃውስን ከነዚህ የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ከነዋሪው ሕመም የሚያተርፍ ባለቤት የለውም። የኛም እንዲሁ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ቁልፉ እኔ ጋር እንኳን የለም። ስሄድ አንኳኩቼ ነው የምገባው።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር ደግሞ አለ፤ ሴቶቹ። አረቄ የምታወጣ ሴት ቀኑን ሙሉ እንፋሎቱ ላይ ናት፣ እየቀመሰች ትሸጣለች፣ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ነው። እሷ ከያዛት የት ትሂድ? ወንድሜ ሲወድቅ ደግፈው አመጡልኝ፤ እሷ ብትወድቅ ሰው በሩን ዘግቶ ነው የሚያወራባት። ልጆቿን ይዛ የምትገባበት፣ ሌላ እንጀራ እስክታገኝ የምትቆይበት ቤት እስካሁን አላየሁም። ከአንዲት ሴት ጋር ሦስት ጊዜ ተነጋግሬያለሁ። «የኔን ነገር ተይው» ትለኛለች፣ ከዚያ ግን ራሷ መልሳ ትደውላለች።

የመጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ በ2011 አዋጅ ወጥቷል። ጥሩ ነው። ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ የተደረገ ነገር ነው። ከውስጥ ለሚወጣው ግን መውጫው ላይ የቆመለት የለም።

ወንድሜ አሁን 14 ወር ሆነው። ብየዳ ቤቱ ቋሚ አድርጎታል። ለእናቴ የአልጋ ብረት ሠርቶ አምጥቶላታል። ደሴ ሲመጣ ቀን መጥቶ ቀን ይመለሳል፣ ጓደኛ ይዞ። ያን ክፍል ለሌላ ሰው አከራይተነዋል። እናቴ መጀመሪያ ከፍቷት ነበር፤ «ልጄ ቤት አጣ» ብላ። ቆይቶ ግን አንድ እሁድ ይዣት ሄድኩ። ቆሎውን አየች፣ ምድጃውን አየች፣ ምንም ሳትል ነጠላዋን አጣፍታ ቡናውን ራሷ ቀዳች።

የሐይቁ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደውሎልኛል። 22 ቀን ሆነኝ አለኝ።

እዚህ ላይ ልመና አለኝ። የእማማ ልጅ ከአረብ አገር ልትመለስ ነው፣ ክፍሎቹን ትፈልጋቸዋለች፣ መብቷ ነው። እማማ እያለቀሰች ነው የነገረችን። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ጊዜ ሰጥታናለች። ኮምቦልቻ ውስጥ ሦስት ክፍል ያለው፣ ግቢው የራሱ የሆነ፣ ከአረቄ ቤትና ጫት ከሚራገፍበት ቦታ ራቅ ያለ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣም ይሆናል፣ በርሜል አለን። መስኮቱ የት እንደሚያይ ግን መጀመሪያ መጥቼ አያለሁ። ኪራይ በሰዓቱ ይከፈላል፤ ደብተሩን ማሳየት እችላለሁ። አምስት አልጋ ያስገባ፣ ለስድስተኛው ፍራሽም ቦታ ይኑረው።